ተራ አስከባሪው ፕሮግራምና የሰው ጂኖም

ጁን 26 ቀን 2000 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የሰው ልጅ ጂኖም የመጀመሪያ ንድፍ መጠናቀቁን በዋይት ሐውስ ለዓለም ሲያበሥሩ፣ በአንድ ወገን የመንግሥታቱ የጋራ ፕሮጀክት መሪ ዶክተር ፍራንሲስ ኮሊንስ፣ በሌላው ወገን የግል ኩባንያው የሴሌራ መሪ ዶክተር ክሬግ ቬንተር ተገኝተው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለቱ ወገኖች ፉክክር በአቻነት ያበቃ መስሎ የታየበት ይህ ሥነ ሥርዓት በብዙ ቦታ ተተርኳል። ብዙም የማይነገረው ግን የመንግሥታቱ ወገን በዚያ ቀን በእጁ የነበረው የተገጣጠመ ጂኖም ዕድሜው አራት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ወደ 30,000 በሚጠጉ የዲ.ኤን.ኤ. ክሎኖች ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ 400,000 ያህል ቁርጥራጭ ነበር።

ቁርጥራጮቹን ያገጣጠመውን ፕሮግራም የጻፉት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የባዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ጂም ኬንት ናቸው። ኬንት ወደ ባዮሎጂ ከመምጣታቸው በፊት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። «ጊግአሴምብለር» የተሰኘውን ፕሮግራም በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ጽፈው የጨረሱ ሲሆን፣ በእነዚያ ሳምንታት ሌሊት የእጃቸውን አንጓ በበረዶ ያቀዘቅዙ እንደነበር ይነገራል። ከመጻፍ ብዛት የሚመጣ የጅማት ሕመም ለጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ የሠራው በአንድ ግዙፍ ማሽን ላይ አልነበረም። የሠራው ፔንቲየም 3 በተባለው፣ በዘመኑ በየቢሮው ይገኝ በነበረው ፕሮሰሰር በሚንቀሳቀሱ 100 ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አንድን ሥራ ቆራርጦ ለመቶ ተራ ማሽኖች ማከፋፈል፣ ሁሉም መጨረሳቸውን ማረጋገጥና ውጤቱን መልሶ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከጂኖሙ ታሪክ ጀርባ ተሸሽጎ የቀረው ይኸው ሙያ ነው።

ለምን እንዲህ እንደተቸኮለ ለመረዳት የጊዜውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመንግሥታቱ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች በ1996 በቤርሙዳ ባደረጉት ስምምነት የተነበበ የዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ወስነው ነበር። ሴሌራ በበኩሉ በኦክቶበር 1999 ወደ 6,500 በሚጠጉ ሙሉ ወይም ከፊል ጂኖች ላይ የመጀመሪያ ደረጃ የፓተንት ማመልከቻ ማስገባቱን አስታወቀ። ማርች 14 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተንና የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር የጂኖሙ ጥሬ መረጃ ለሁሉም ሳይንቲስቶች በነጻ ሊዳረስ እንደሚገባ በጋራ ሲያሳውቁ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ አሽቆለቆለ። መግለጫው ግን ሕግ አልነበረም። በተፈጥሮ የሚገኝ ዲ.ኤን.ኤ. ከሰውነት ተለይቶ ስለወጣ ብቻ ፓተንት ሊሰጥበት እንደማይችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ከዚያ 13 ዓመት ዘግይቶ በጁን 2013 ነው። ስለዚህ በ2000 አጋማሽ የተገጣጠመ ጂኖም ለሕዝብ አስቀድሞ የማቅረቡ ጉዳይ፣ ነገ አንድ ላቦራቶሪ የአንድን በሽታ ጂን ሲመረምር ፈቃድ መጠየቅና ክፍያ መፈጸም ይኖርበት እንደሆነ የሚመለከት ነበር። ኬንትም ለሥራው ያነሣሣቸው ይህ ሥጋት እንደነበረ ተናግረዋል።

የወረፋው አመጣጥ

ለኮምፒውተር ወረፋ መያዝ ከጂኖም ጥናት በብዙ ዓመታት ይቀድማል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር እጅግ ውድ ዕቃ ስለነበረ ተጠቃሚው በተመደበለት ሰዓት የተበሱ ካርዶቹን ይዞ ይቀርብ፣ ቴፑን ይሰቅል፣ ፕሮግራሙን ያስነሣ ነበር። ካርዱ ሲገለበጥ፣ ቴፑ ሲጠፋ፣ ስሕተት ሲፈለግ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። የጄኔራል ሞተርስና የኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ኩባንያዎች በ1956 አይ.ቢ.ኤም. 704 ለተባለው ማሽን ያዘጋጁት ፕሮግራም ይህን ችግር አቃለለ። የብዙ ሰዎች የሥራ ትእዛዝ በአንድ ቴፕ ላይ ተከታትሎ ይጫናል፤ አንዱ ሲያበቃ የሰው እጅ ሳይነካው ቀጣዩ ይጀምራል። በጅምላ ማሠራት ወይም «ባች» የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሰውን መጠበቁ ቀርቶ ሰው ማሽኑን መጠበቅ ጀመረ።

የሕክምናው ዓለም ይህን መጠበቅ በሚገባ ያውቀዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1964 ሥራ ያስጀመረው «ሜድላርስ» የተባለ የጽሑፎች መፈለጊያ ሥርዓት በሐኒዌል 800 ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው በጅምላ ነበር። ጽሑፍ የሚፈልግ ሐኪም ጥያቄውን በሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በኩል ያቀርባል፤ ጥያቄው ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተሰብስቦ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ የታተመው ዝርዝር በፖስታ ይመለሳል። መልሱ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ጥያቄው በትክክል ካልተዘጋጀ ስሕተቱ የሚታወቀው ፖስታው ሲከፈት ነው፤ ያን ጊዜ ወረፋው እንደገና ከመጀመሪያው ይያዛል። ወዲያውኑ መልስ የሚሰጠው ሜድላይን የመጣው በ1971 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጣው አንባቢ የቀድሞውን ትዕግሥት መገመት ያስቸግረዋል።

ይህ አሠራር ጊዜው ያለፈበት ሊመስል ይችላል። ከባድ ስሌት በሚሠራባቸው ቦታዎች ግን በጅምላ ማሠራት አልቀረም፤ እንዲያውም ተስፋፋ። ምክንያቱ የኮምፒውተሮች ቁጥር መብዛት ነው። በ1994 በናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ባለ 486 ፕሮሰሰር የሆኑ 16 ኮምፒውተሮችን በተራ የኔትወርክ ገመድ አያይዘው፣ በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ እያሠሩ፣ «ቤዎውልፍ» ብለው ሰየሙት። እንዲህ ያለው የኮምፒውተሮች ስብስብ ክላስተር ይባላል። ለሱፐር ኮምፒውተር የሚሆን በጀት ያልነበረው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ከገበያ በገዛቸው ማሽኖች የራሱን ክላስተር መገንባት ቻለ። በዚያው ዓመት በተለያዩ ማሽኖች ላይ የሚሠሩ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎች መልእክት የሚለዋወጡበት «ኤም.ፒ.አይ.» የተባለ የጋራ ደንብ ወጣ።

ማሽኑ ሲበዛና ተጠቃሚው ሲበዛ ማን በየትኛው ማሽን መቼ እንደሚሠራ የሚወስን ያስፈልጋል። በናሳ የኤምስ ምርምር ማዕከል ከ1991 ጀምሮ የተሠራው ፒ.ቢ.ኤስ. እና በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በ2002 የተጀመረው ስለርም ለዚህ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ናቸው። በአማርኛ ተራ አስከባሪ ቢባሉ ግብራቸውን በትክክል ይገልጻል። የታክሲ ተራ አስከባሪ መኪናውን አይነዳም፣ ተሳፋሪውም የት እንደሚሄድ አይወስንም፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ግን ያለ እርሱ አይታወቅም።

ትእዛዙ እንዴት ይነሣል?

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ተመራማሪው በክላስተሩ መግቢያ ኮምፒውተር ላይ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል። በጽሑፉ የመጀመሪያ መስመሮች ስንት ማሽን፣ ምን ያህል ማኅደረ ትውስታና ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ይገልጻል፤ ከሥር የሚሠራውን ፕሮግራም ይጠራል። ጽሑፉን ለተራ አስከባሪው ሲያስረክብ ቁጥር ይሰጠዋል። ማሽኖቹ ሲለቀቁ ተራ አስከባሪው የፕሮግራሙን ቅጂዎች በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ያስነሣል፤ ለእያንዳንዱም «ከ64ቱ አንተ 17ኛው ነህ» እንደማለት የራሱን ቁጥርና የጠቅላላውን ብዛት ያሳውቀዋል። እያንዳንዱ ቅጂ የትኛውን የሥራ ክፍል እንደሚወስድ የሚያውቀው ከዚህ ቁጥር ነው። አዲስ ተጠቃሚ አዘውትሮ የሚፈጽመው ስሕተት ከባዱን ፕሮግራም እዚያው መግቢያው ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት ነው። ይህም ከባድ ሕመምተኛን በካርድ ክፍል ውስጥ እንደማከም ያለ ነው፤ የሌላውን ሁሉ መግቢያ ይዘጋል።

የተጠየቀው ሰዓት ትልቅ ትርጉም አለው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራው ቢጠናቀቅም ባይጠናቀቅም ይቋረጣል። ይህን የሚፈራ ተጠቃሚ ሁለት ሰዓት ለሚበቃው ሥራ አሥር ሰዓት ይጠይቃል፤ ተጠቃሚዎች የሚያስፈልጋቸውን ጊዜ ከልክ በላይ አብዝተው እንደሚጠይቁ ከክላስተሮች መዝገብ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ብዙ የጠየቀ ግን ብዙ ይጠብቃል። ምክንያቱን ለመረዳት በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ 128 ማሽኖች ባሉት ኮምፒውተር ላይ ሥራ የጀመረውን ዘዴ መመልከት ይጠቅማል።

የወረፋው መጀመሪያ ላይ 100 ማሽን የሚፈልግ ትልቅ ሥራ አለ እንበል፤ ነጻ የሆኑት ግን 40 ብቻ ናቸው። ትልቁ ሥራ በከፊል ሊጀመር አይችልም። ቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በአንድ ሰዓት ካልተገኙ ቀዶ ሕክምናው እንደማይጀመር ሁሉ፣ መቶዎቹም ማሽኖች በአንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ተራ በጥብቅ ከተከበረ 40ዎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ትንንሾቹ ሁልጊዜ እንዲያልፉ ከተፈቀደ ደግሞ ትልቁ ሥራ መቼም ተራ አይደርሰውም። የአርጎኑ ዘዴ በመካከል የቆመ ነው፤ ትልቁ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ይሰላና ይያዝለታል፣ ከኋላው ያሉ ትንንሽ ሥራዎችም ያንን ሰዓት የማያዘገዩ ከሆነ ብቻ ቀድመው በክፍተቱ እንዲገቡ ይፈቀድላቸዋል። ስለሆነም የሚፈልገውን ሰዓት በትክክል የገለጸ ሰው በክፍተቱ የመግባት ዕድል ያገኛል፤ ሰዓቱን ያጋነነ ግን ለክፍተቱ ይረዝማል።

በአንድነት ካልተነሡ የማይሠሩት ለምሳሌ አንድ የመድኃኒት ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር ሲገናኝ የአተሞቹን እንቅስቃሴ የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ማሽን በየቅጽበቱ የጎረቤቱን ውጤት ይፈልጋልና አንዱ ማሽን ሲሞት በአብዛኛው ሥራው በሙሉ ይቋረጣል። የጂኖም ሥራ ግን አመዛኙ ክፍል የተለየ ጠባይ አለው።

400,000 ቁርጥራጭ

ሴሌራ ለመገጣጠም የተነሣው 27.27 ሚሊዮን ንባቦችን ነበር። እያንዳንዱ ንባብ ከሌላው ጋር ይነጻጸር ቢባል ጥንዶቹ ከ370 ትሪሊዮን በላይ ይሆናሉ። ተመሳሳይነት የሌላቸውን ጥንዶች አስቀድሞ የሚያስወግድ ዘዴ ተጠቅሞ እንኳ፣ ማነጻጸሩ ብቻ 10,000 ያህል የፕሮሰሰር ሰዓት እንደፈጀ ኩባንያው በ2001 ባሳተመው ጥናት ገልጿል። ባለ አራት ፕሮሰሰር የሆኑ 40 ማሽኖች ጎን ለጎን ሠርተው በአራትና በአምስት ቀን ጨረሱት። ይህ ሊሆን የቻለው አንዱ ጥንድ ሲነጻጸር የሌላውን ጥንድ ውጤት መጠበቅ ስለማያስፈልገው ነው።

የመንግሥታቱ ፕሮጀክት መረጃ በሌላ መንገድ የተሰበሰበ ነበር። ክሎኖቹ በጂኖሙ ላይ ያላቸው አቀማመጥ በግምት ይታወቅ ስለነበረ፣ አንዱን የካርታ ክፍል ከሌላው ለይቶ መገጣጠም ይቻል ነበር። ጊግአሴምብለር የሚደራረቡትን ቁርጥራጮች ካዋሐደ በኋላ በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.ና በሌሎች መረጃዎች እየተመራ ቅደም ተከተላቸውንና አቅጣጫቸውን ወሰነ። ጁን 22 ቀን የተገኘው ውጤት ወደ 2.7 ቢሊዮን የሚጠጋ የመሠረተ ፊደል ርዝመት ያለውና የጂኖሙን 88 በመቶ ያህል እንደሚሸፍን የተገመተ ንድፍ ነበር። ሴሌራ የራሱን ያጠናቀቀው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2000 ሳንታ ክሩዝ ንድፉን ያለ ምንም ገደብ ለሕዝብ ሲለቅ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ተመራማሪዎች ግማሽ ትሪሊዮን ባይት መረጃ ወሰዱ።

ውጤቱ ከተለቀቀ በኋላ ሥራው ይበልጥ በዛ። ኬንት በ2002 «ብላት» የተባለውን የማነጻጸሪያ ፕሮግራማቸውን ሲያስተዋውቁ እንደጻፉት፣ ሦስት ሚሊዮን የአር.ኤን.ኤ. ቅጂ ቁርጥራጮችንና 13 ሚሊዮን የአይጥ ጂኖም ንባቦችን ከሰው ጂኖም ጋር ማስተያየት ነበረባቸው። ጂኖሙ በየአንድና ሁለት ወሩ ይታደስ ስለነበረ ሥራው 90 ፕሮሰሰር ባለው ክላስተር ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ማለቅ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሥራ ሲቆራረጥ አሥርና መቶ ሺህ ትንንሽ ትእዛዞች ይሆናል። ጥቂት ትልልቅ ሥራዎችን ለማስተናገድ የታሰበ ተራ አስከባሪ ለእያንዳንዷ አጭር ትእዛዝ የሚያጠፋው ጊዜ ከሥራው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። በዚህም ምክንያት ኬንት «ፓራሶል» የተባለ የራሳቸውን ተራ አስከባሪ ጻፉ።

ፓራሶል ለጤና ባለሙያ ትኩረት የሚገባው ከፍጥነቱ ይልቅ በጥንቃቄው ነው። ተጠቃሚው ትእዛዞቹን በአንድ ዝርዝር፣ በየመስመሩ አንድ አድርጎ ይጽፋል። በሙሉ ከመልቀቁ በፊት የመጀመሪያዎቹን አሥር ብቻ የሚያሠራ «ሞክር» የሚል ትእዛዝ አለ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ደግሞ ሥራው ሲያበቃ ምን ዓይነት የውጤት ፋይል መገኘት እንዳለበት መግለጽ ይቻላል፤ ፋይሉ መኖሩ፣ ባዶ አለመሆኑና የመጨረሻው መስመር ሳይቆረጥ ማለቁ ይመረመራል። ያልተሳካላቸው ይለዩና እንደገና ይላካሉ።

ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመቶ ማሽን ላይ አንድ መቶ ሺህ ትእዛዝ ሲሠራ ጥቂቶቹ መውደቃቸው አይቀርም፤ ዲስክ ይሞላል፣ ማሽን ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። የወደቀ ሥራ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ፋይል ትቶ ይሞታል። ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ፈልጎ ያጣ፣ ነገር ግን በትክክል የተጠናቀቀ ሥራም እንዲሁ ባዶ ፋይል ሊተው ይችላል። ፋይሎቹ ሲሰበሰቡ ሁለቱ አይለዩም። በላቦራቶሪ ቋንቋ፣ «ኔጋቲቭ» የሚለው ውጤትና ጭራሹን ያልተመረመረ ናሙና በአንድ ዓምድ ተመዝግበዋል ማለት ነው። አንድ ጂን በአይጥ ውስጥ አቻ የለውም ተብሎ ሲጻፍ እውነተኛው ምክንያት በሌሊት የጠፋ አንድ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። በብሉኝ በአክታ ምርመራ የሠራ ባለሙያ ይህን አደጋ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ለዚህም ነው በደህና ላቦራቶሪ ውስጥ የቁጥጥር ስላይድ ከናሙናዎቹ ጋር የሚነበበው። በፓራሶል ውጤት የሚተው ፕሮግራም ሥራ ባያገኝም እንኳ ቢያንስ አንድ መስመር እንዲጽፍ ከተደረገ፣ ባዶ ፋይል ማለት ያልተሠራ ማለት ብቻ ይሆናል።

የሁለቱም ወገኖች ጥናት በፌብሩዋሪ 2001 በኔቸርና በሳይንስ መጽሔቶች ታተመ። ፕሮጀክቱ በኤፕሪል 2003 መጠናቀቁ ቢገለጽም ወደ 8 በመቶ የሚጠጋው ክፍል እስከ 2022 ሳይነበብ ቆይቷል። በመጨረሻ የተገጠመው ይህ ክፍል እየተደጋገመ የሚመጣ ቅደም ተከተል የበዛበት በመሆኑ፣ አጫጭር ንባቦችን በማነጻጸር ብቻ ሊፈታ አልቻለም ነበር፤ ረዣዥም ንባብ የሚሰጡ መሣሪያዎች እስኪመጡ የኮምፒውተር ብዛት አልረዳም።

ተራ አስከባሪዎች በሕክምና ጉዳይ እንደገና በአደባባይ የተነሡት በኮቪድ-19 ጊዜ ነው። በማርች 2020 የአሜሪካ የመንግሥት ቤተ ሙከራዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች የሱፐር ኮምፒውተር ጊዜያቸውን ለበሽታው ምርምር የሚያውሉበት ጥምረት መሠረቱ። ተመራማሪዎች ማመልከቻ ያቀርባሉ፤ የባለሙያዎች ቡድን መርምሮ ተስማሚ ማሽን ይመድባል። በመደበኛው ወረፋ የነበሩ የሌሎች ሙያዎች ሥራዎች ለእነዚህ ቦታ መልቀቅ ነበረባቸው፤ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል በየቀኑ የሚያደርገው ምርጫ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ ማለት ነው። ጥምረቱ ከመቋቋሙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ የነበረው ሰሚት የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር 8,000 ያህል ውሕዶችን ከቫይረሱ የውጭ ፕሮቲን ጋር የመጣበቅ ዕድላቸውን አሥልቶ 77ቱን ለይቶ ነበር። ዝርዝሩ በጋዜጦች መድኃኒት የተገኘ ያህል ቢዘገብም፣ ማሽኑ ያደረገው የሚፈተኑትን ውሕዶች ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው። 77ቱ በቤተ ሙከራ ተራ በተራ መፈተን ነበረባቸው።